አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ምሰሶ

ሰኞ ገበያ በምትባለው ከተማ ሰው ምግብ ቢቀርብለትም፣ ወንበር ቢለቀቅለትም፣ መኪናህን ቻርጅ አድርግ ቢባልም መጀመሪያ እምቢ ይላል። ጥጋብ እንዳይመስላችሁ፤ አስተዳደግ ነው። ጋባዥ "በሞቴ" ይላል፣ ተጋባዥ "አሁን በልቼ ነው የወጣሁት" ይላል፣ ጋባዥ "እኔ ልሙት" ብሎ ይደግማል፣ በሦስተኛው እጅ ወደ ገበታው ይዘረጋል። ሁለተኛውን ልመና ሳይጠብቅ የጎረሰ ሰው እዚያ አገር ዕድሜ ልኩን ሲወራበት ይኖራል። በር ላይ ሁለት ሰዎች ከተገናኙማ ጉድ ነው። "ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ዝናብ ይመታቸዋል፣ በመሀላቸው ፍየል ሹልክ ብላ ትገባና ጓዳ ያለውን እህል ትበላለች።

የመኪና ቻርጅ ማድረጊያው ምሰሶ ግን የሚጠይቀው አንዴ ነው። "እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዛሬ ምን ያህል ይፈልጋሉ?" ይላል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አማርኛው የመምህር አማርኛ ነው። ሹፌሩ ከኋላው የተሰለፉትን አምስት መኪኖች በመስታወት አየት ያደርግና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ብትሆን ይበቃኛል" ይላል። ምሰሶው "አመሰግናለሁ" ብሎ ትንሽ ይሰጠዋል። ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ ጥቂት ይቆያል፣ የሚለምነው ካለ ብሎ። የሚለምነው ሲያጣ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።

ማስተዋል ይህን በየቀኑ ማየት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የጣቢያው ጠባቂ ናት። ምሰሶዎቹ ገመዱን ራሳቸው ይሰካሉ፣ ራሳቸው ይነቅላሉ፣ ሲበላሹም ጠጋኝ ራሳቸው ይጠራሉ። እንግዲህ ያንቺ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ባሏ ይመር ጠይቋት አጥጋቢ መልስ አልሰጠችውም። የሥራ መመሪያዋ ግማሽ ገጽ ነው። ሰማያዊ ካፖርት ትልበስ ይላል። ከምሰሶው ሦስት እርምጃ ርቃ፣ ፊቷን ወደ ሹፌሩ አድርጋ ትቁም ይላል። ሹፌሩ ሲመልስ ትየው ይላል። ከዚያ ሌላ የለውም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። መኪና ቻርጅ የሚደረገው በኤሌክትሪክ መረቡ ምሰሶ ብቻ ነው፤ የቤት ሶኬት መብራትና ምድጃ እንጂ መኪና አይቀበልም። አውቶቡስ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ከድሮው ነዳጅ ማደያ የተረፈው የቆርቆሮ ጣሪያው ነው፣ ፍየሎች ከፀሐይ ይጠለሉበታል። መረቡ በየዓመቱ ይሰፋል። ዜናው በየዓመቱ የካቲት ላይ ይነገራል፣ ካርታው ላይ ያሉት አረንጓዴ ነጥቦች በየዓመቱ ይበዛሉ። ሰኞ ገበያ ግን በስድስት ምሰሶ ጀምራ አሁን የቀሯት አራት ናቸው። ሁለቱ በተነቀሉ ጊዜ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት "ፍላጎት ወዳለበት ቦታ ተዛውረዋል" ይል ነበር።

ይመር ኩላሊቱ ከከዳው ሦስት ዓመቱ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጣቢያው ለዕለቱ ሲዘጋ፣ ማስተዋል ደሴ ወስዳ ኩላሊቱን ታሳጥበዋለች። ደሴ ገብተው ለመኖርም ጠይቀው ነበር፤ የነዋሪነት ወረፋው ዘጠኝ ዓመት ነው ተባሉ። መኪናቸው አሮጌ ናት። ሙሉ ቻርጅ ከሆነች ደሴ ደርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያ በላይ ጉልበት የላትም። አንድ ቀን ከጎደለ ይመር ያብጣል። ሁለት ሦስት ቀን ከጎደለ ምን እንደሚሆን ዶክተሯ ሳትደባብቅ ነግራቸዋለች።

በነዚያ ቀናት መሪውን የምትይዘው ማስተዋል ናት። ዐይኗን ጉልበቷ ላይ ተክላ "ሙሉ" ትላለች፣ ጆሮዋ እስኪግል ታፍራለች፣ ግን ትላለች። ይመር ከጎኗ ተቀምጦ፣ እግሩ ዱባ አክሎ፣ ምሰሶው ጤናዎ እንዴት ነው ሲለው "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይለዋል።

"ለምን እውነቱን አትነግረውም?" አለችው አንድ ማክሰኞ።

"ሰላምታ እኮ ነው ማስተዋል። ሰላም ላለኝ ሁሉ ኩላሊቴን ላውራለት?"

በማግስቱ የጣቢያውን መዝገብ ከፍታ አየች። "ይመር ሰይድ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ጤና፦ ደህና" ይላል። ከሥሩ "ሰኞ ገበያ፣ ፍላጎት፦ ዝቅተኛ" ይላል።

የሦስተኛው ማስፋፊያ ማስታወቂያ የመጣው በጥር መጨረሻ ነው። በትልቁ መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ቀን ከሌት ለሚመላለሱት የጭነት መኪኖች አዳዲስ ጣቢያዎች ይተከላሉ። ምሰሶ የሚወሰደው ከማያስፈልግበት ነው። የካቲት አሥራ ስድስት ቀን እያንዳንዱ አባወራ ይጠየቃል፤ ከግማሽ በላይ "ያስፈልገኛል" ያለበት ጣቢያ ይቆያል፣ ሌላው ይነሳል። ማስተዋል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአገሯን ሰው ታውቀዋለች። ሲጠየቅ ምን እንደሚል ታውቃለች።

ሕዝቡን በማደያው ጣሪያ ሥር ሰበሰበችው። ፍየሎቹ ቦታ ለቀቁ። መጀመሪያ ያስነሳችው የእድሩን ዳኛ አባ ሙሄን ነው፤ እሳቸው ያሉትን ሌላው ይከተላልና።

"አባ ሙሄ፣ እኔ ምሰሶው ነኝ እንበል። ጣቢያው ያስፈልግዎታል?"

"እንግዲህ… ለሌላው ካልጠበበ።"

"እንደሱ አይበሉ። 'ያስፈልገኛል' ይበሉ።"

"ልጄ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጡት ሌላ ስጡኝ ያልኩት ነገር የለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ነው ያደግሁት።"

"ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም አባ ሙሄ።"

ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ማስተዋል አልሳቀችም። "ለይመር ሲሉስ?" አለቻቸው ዝቅ ብላ። ይመር መኪናው ውስጥ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። አባ ሙሄ አዩት። ከዚያ ቆባቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሌባ ድምፃቸውን ቀንሰው "ያስፈልገኛል" አሉ።

አሥራ ሁለት ቀን ተለማመዱ። ባል ሚስቱን እያየ፣ አማች አማቱን እያየ "ያስፈልገኛል" ይላል። አንድ ሠርግ ላይ አንዱ ገና ሳይጠየቅ ሳህኑን ዘርግቶ "ያስፈልገኛል" ቢል ሙሽሮቹ ሳይቀሩ በሳቅ ወደቁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ፤ ቃሉ ቀስ በቀስ ለአፋቸው ለሰለሰ።

በመሀሉ ማስተዋል ጉንፋን ይዟት አንድ ቀን ጣቢያው ቤት ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። በማግስቱ መዝገቡን ስታይ በዚያን ዕለት ሰው ሁሉ የሌላውን ቀን እጥፍ ጠይቋል። ስህተት መስሏት ሌላ ቀን ሆን ብላ ተደበቀች። አሁንም እጥፍ ሆነ። ያን ጊዜ መመሪያው ገባት። ሦስት እርምጃ፣ ፊት ለፊት፣ ሲመልስ ትየው። መረቡ አሥራ አራት ዓመት ያቆማት ሰው እንዲያፍርባት ነው። ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም፤ ይመር ምን ሆነሽ ቢላት "ጉንፋኑ ነው" አለችው።

የካቲት አሥራ ስድስት ጠዋት መቶ አርባው አባወራ ተሰለፈ። ማስተዋል ካፖርቷን ለብሳ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ ቆመችና ጀርባዋን ሰጠች።

"ማስተዋል፣ ፊትዎን ያዙሩ" አለ ምሰሶው።

"አንገቴን አሞኛል።"

"እግዚአብሔር ይማርዎ። ፊትዎን ያዙሩ።"

አላዞረችም። አባ ሙሄ ቀረቡ። ጣቢያው ያስፈልግዎታል ወይ ሲላቸው ዐይናቸውን ጨፍነው "ያስፈልገኛል" አሉ። ቀጥሎ ያለውም አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለችውም አለች። ማስተዋል ጀርባዋን እንደሰጠች በጣቷ ትቆጥር ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ስልሳ ስምንት ደርሳለች። ሰባ አንድ ከሞላ አለቀ። ይመር ከፊቷ ከቆመችው መኪናቸው ሆኖ እጁን አውለበለበላት፣ እሷም ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሷ ታየ።

ስልሳ ዘጠነኛው ሰውዬ ሲቀርብ ምሰሶው ሳይጠይቀው ቀረ። ከዚያ አራቱም ምሰሶዎች አንድ ላይ ተናገሩ።

"ሁላችሁም ስሙኝ። ጥያቄው ተስተካክሏል፤ መልስ የሰጣችሁም እንደገና ትመልሳላችሁ። ከገደሉ ማዶ ዋርካ ሜዳ አለች። ከሁለቱ ጣቢያ አንዱ ይቆያል፣ አንዱ ይነሳል። ዋርካ ሜዳ ውስጥ ብርቄ የምትባል ነፍሰ ጡር አለች። መንታ ነው የያዘችው፤ ያለ ቀዶ ሕክምና አትወልድም ተብላለች፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ተራችሁን ትለቁላታላችሁ?"

ይህን ማንም አልተለማመደም። "ያስፈልገኛል" ማለትን አሥራ ሁለት ቀን አጥንተዋል፤ ለነፍሰ ጡር "አለቅም" ማለትን ግን ማን አስጠንቶ ማን ያጠናዋል? ማስተዋል ሳታስበው ዞረች። መቶ አርባ ፊት ወደ እሷ ያይ ነበር።

"አባ ሙሄ" አለች፣ "ይመርስ?"

አባ ሙሄ ቆባቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ነውር አትናገሪ። ዋርካ ሜዳም ሰው ያለባት አገር ናት። እኛ ስንለቅ እነሱ እምቢ ይላሉ፣ 'ኧረ እናንተ ቅደሙ' ብለው ይመልሱልናል፣ እኛ ደግሞ እንለምናለን። እንዲህ ስንባባል መላ ይመጣል። ይሄ ነገር ዛሬ አልተፈጠረም።"

"የሚለምን የለም አባ ሙሄ። አንዴ ነው የሚጠይቀው።"

እሳቸው ሳይመልሱ የመኪናው በር ተከፈተ። ይመር በዚያ እግሩ እየጎተተ መጥቶ ሰልፉን አልፎ ምሰሶው ፊት ቆመ። ሰልፍ ሲያልፍ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፣ ያለፈውም ለመልቀቅ ነው።

"ነፍሰ ጡር ናት እኮ ማስተዋል" አላት። ወደ ምሰሶው ዞሮ "እኔ እለቅላታለሁ" አለ።

ይመር ከለቀቀ በኋላ ማን ይቀራል? አንድ በአንድ ለቀቁ፣ ያለቀሰም ነበር። የቀረችው ማስተዋል ናት፤ የቤቱ ድምፅ በይመር ስም ቢሆንም ጠባቂዋ ለብቻዋ ትጠየቃለች ይላል የማስፋፊያው መመሪያ፣ ለካ ይህም ተጽፎበት ኖሯል።

"አለቅም" አለች። ድምጿ ለራሷም አስጠላት። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ።

"አመሰግናለሁ" አለ ምሰሶው። ተራ የለቀቀ መቶ አርባ፣ ያልለቀቀ አንድ ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ሰኞ ገበያ ጠበቀች። አባ ሙሄ በየጠዋቱ መጥተው "ከዋርካ ሜዳ ምን ወሬ አለ?" ይላሉ። እምቢታው ይመጣል ብለው ነው። ማስተዋል በስልክ ራሷ መጠየቅ ትችል ነበር፣ ግን ምን ብላ? የለቀቅነውን መልሱልን ይባላል? ይሉኝታ እሷንም አልማራትም፤ ለምሰሶው "አለቅም" ያለች ሴትዮ ለዋርካ ሜዳ ሰው አፏ አልታዘዝ አላት። አሥራ አንድ ቀን እንዲሁ አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሹፌር የሌለው ትልቅ መኪና መጣ። ጀርባው ላይ ረጅም የብረት ክንድ አለው፣ ጎኑ ላይ "ለትልቁ መንገድ" የሚል ተጽፎበታል። ሳይቸኩል የመጀመሪያውን ምሰሶ ነቅሎ አጋደመው። ሁለተኛውን ሲይዝ የማስተዋል ስልክ ጠራ። የዋርካ ሜዳ ጣቢያ ጠባቂ ዘነቡ ናት፤ ኮምቦልቻ ለሥልጠና ሄደው ሁለት ቀን አብረው አድረዋል፣ ከዚያ ወዲህ ለዓውደ ዓመት ይደዋወላሉ።

"እህት ዓለም፣ ይመር እንዴት ነው?" አለች ዘነቡ።

ማስተዋል ስለ ይመር ሕመም ለዘነቡ ነግራት አታውቅም። "ይመርን ከየት አወቅሽው?"

"ምሰሶው ነዋ የነገረን። ሰኞ ገበያ ውስጥ ይመር የሚባል ሰው አለ፣ ኩላሊቱ ሞቷል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ካልታጠበ አይተርፍም፣ ተራችሁን ትለቁለታላችሁ ወይ አለን። እንግዲህ ለታመመ ሰው የማይለቅ ማን አለ? አንደኛ የለቀቀችው ብርቄ ናት፣ ያቺ ነፍሰ ጡር፣ ሆዷን ይዛ። እኛም ሁላችን ተከተልናት። ብቻ እናንተ እምቢ ትላላችሁ ብለን ስንጠብቅ ምነው ዝም አላችሁ? አይ፣ መውቀሴ አይደለም። ዛሬ መጥቶ እየነቀለብን ነው። እናንተ እንኳ ተረፋችሁ፣ ተመስገን ነው።"

"ብርቄስ?" አለች ማስተዋል።

"ትናንት ጎረምሶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። እስካሁን ደረሱ አልተባለም።"

ሁለተኛው ምሰሶ ተጋደመ። ዘነቡ በስልኩ ውስጥ ጩኸቱን ሰማችው፤ እዚያም ያው ጩኸት አለና ለየችው። "ማስተዋል፣ ያ ምንድን ነው?"

"እኛም ለቀቅን ዘነቡ። ለብርቄ ብለን።"

መዝገቡ ላይ ለሦስት ዓመት "ደህና" ተብሎ የተጻፈውን ሰው ምሰሶው ለገደል ማዶ ሰዎች ሕመሙን አንድም ሳያስቀር ነግሯቸዋል፤ ለካ ያውቅ ነበር። ሁለት ከተማ በር ላይ ቆሞ ይቅደሙ ሲባባል ፍየሏ ገብታለች። ማስተዋል ይህን ለዘነቡ አልነገረቻትም፤ ዘነቡም የገባት ይመስላል፣ "እንግዲህ ምን ይባላል እቴ" ብላ ዘጋችው።

ይመር አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። ከቃሬዛው ሌላ ምንም አላስቀረችም፤ እሱን መናገር አልቻለችም። ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ መኪናቸው ባዶ ናት፣ እግሩ ከጫማው ወጥቶ ነጠላ ጫማውንም እምቢ ብሏል። ሦስተኛው ምሰሶ ሲጋደም ተነሳ።

የቀረው ምሰሶ ፊት ሄዶ ቆመ። ማስተዋል ከኋላው ቀረች፣ ሳታስበው እዚያው ሦስት እርምጃ ላይ።

"እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዛሬ ምን ያህል ይፈልጋሉ?"

"አሞኛል" አለ ይመር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። "ኩላሊቴ ሞቷል። ዛሬ ደሴ ካልሄድኩ፣ ቅዳሜም ካልሄድኩ እሞታለሁ። መሞት አልፈልግም። ሙሉ ቻርጅ ስጠኝ።"

በዕድሜው ስጠኝ ሲል ማስተዋል የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንባዋ መጣ፤ ኮራችበትም፣ አዘነችለትም።

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለ ምሰሶው። "ይህ ጣቢያ ተዘግቷል። ያሉትን መዝግቤዋለሁ። የሚቀጥለው ጥያቄ ለከርሞ የካቲት ነው። እግዚአብሔር ይማርዎ።"

ድምፁ ጠፋ። የመኪናው ክንድ ዞሮ መጣና ይመር አናት ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው እንዳይነካ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መሀል ላይ የቆመ ሰው እስኪወጣ ድረስ ቀኑን ሙሉም ይጠብቃል። ማስተዋል ይህን ታውቃለች። ይመርም ያውቃል፣ እሷ ራሷ ነግራዋለች።

"ይቅርታ ጌታዬ" አለ መኪናው በትሕትና፣ "ማለፍ ይቻላል?"

"ከዚያ እንዳትነሳ" አለች ማስተዋል።

ይመር ግን አስቀድሞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ይለፉ" ብሎት ነበር።